የሪሞት መኪና ጊር አመራረጥና አገጣጠም፦ ከደሴና ከኮምቦልቻ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቅዳሜና እሑድ መኪናዬን ይዤ ስወጣ ከልጆችም ከአባወራዎችም የሚቀርቡልኝ ጥያቄዎች ተመሳሳይ ናቸው። አብዛኞቹ የሚነሱት ሞተር ከተቃጠለ ወይም ጥርስ ከተላጨ በኋላ ነው። መልሶቹን እዚህ ያሰባሰብኳቸው ጉዳቱ ከመድረሱ በፊት እንዲነበቡ ብዬ ነው።

ፒኞን የቱ ነው? ትልቁስ ጊር? የትኛውን ነው የምቀይረው?

በሞተሩ ዘንግ ላይ የሚታሰረው ትንሹ ባለጥርስ ብረት ፒኞን ይባላል። ጋራዥ የዋለ ሰው ቃሉን ከትልልቅ መኪኖች ዲፈረንሻል (ጉልበቱን ለጎማዎች ከሚያከፋፍለው ክፍል) ያውቀዋል፤ እዚህም ትርጉሙ ያው ነው፤ ነጂው ትንሹ ጊር ማለት ነው። ከእሱ ጋር ጥርስ ለጥርስ የሚገጥመው፣ ብዙውን ጊዜ ከፕላስቲክ የሚሠራው ትልቁ ጊር ደግሞ ስፐር ይባላል። በአብዛኛው የሚቀየረው ፒኞኑ ነው። ዋጋው ይቀንሳል፣ ለማውጣትም ሁለቱን የሞተር ብሎኖችና የፒኞኑን ትንሽ ብሎን ማላላት ይበቃል። ትልቁን ጊር የሚነኩት ሲላጭ ወይም በፒኞን ብቻ የሚፈልጉት ልክ ላይ መድረስ ሲያቅት ነው።

ብዙ ጥርስ ያለው ፒኞን ባስገባ መኪናዬ ይፈጥናል?

በለጥ ያለ ሜዳ ላይ፣ ሞተሩ አቅም ካለው፣ አዎ። ግን ፍጥነቱ በነጻ አይገኝም። የደሴን ዳገት በብስክሌት የወጣ ሰው ነገሩን በጉልበቱ ያውቀዋል፤ ፊት ለፊት ትልቁን ጥርስ አድርጎ ዳገት የጀመረ ሰው እግሩ ይተሳሰራል። ሞተርም እንዲሁ ነው፤ ልዩነቱ ሞተር ደከመኝ ብሎ አይወርድም። ለመንቀሳቀስ ሲል ከባትሪው የሚስበውን ጅረት ይጨምራል። በሽቦው ጥቅል ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት ደግሞ ጅረቱ እጥፍ ሲሆን አራት እጥፍ ይሆናል። ሁለት ሦስት ጥርስ በአንድ ጊዜ የጨመሩ ልጆች ሞተራቸው ማታውኑ የሚሸተው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለዚህ ከአምራቹ ፒኞን ይነሱ፤ ከዚያ አንድ ጥርስ፣ ቢበዛ ሁለት ብቻ ይጨምሩ ወይም ይቀንሱ። በእያንዳንዱ ለውጥ ነድተው ሙቀቱን ይለኩ።

ሬሾውን እንዴት አሰላለሁ?

ሬሾ ማለት ጎማው አንድ ጊዜ ሲዞር ሞተሩ ስንት ጊዜ እንደሚዞር የሚናገር ቁጥር ነው። የትልቁን ጊር ጥርስ ለፒኞኑ ጥርስ ያካፍሉ። ከዚያ በመኪናው ሆድ ውስጥ፣ በዲፈረንሻሉ በኩል ባለው ቋሚ ሬሾ ያባዙት። ይህ ቋሚ ቁጥር በመኪናው መመሪያ ላይ ይጻፋል።

ለምሳሌ ታሚያ ቲቲ-02 የተባለው የሪሞት መኪና ከፋብሪካ ሲወጣ ትልቁ ጊር 70፣ ፒኞኑ 22 ጥርስ አለው፤ የውስጡ ሬሾ 2.6 ነው። 70 ለ22 ሲካፈል 3.18፣ በ2.6 ሲባዛ 8.27 ይመጣል። ጎማው አንድ ጊዜ ሲዞር ሞተሩ ከስምንት ጊዜ በላይ ዞሯል ማለት ነው። ፒኞኑን 24 ካደረግነው ውጤቱ 7.58 ይሆናል። በሁለት ጥርስ ብቻ የጎማው ፍጥነት በ9 በመቶ ገደማ ያድጋል፤ በሞተሩ ላይ የሚጫነውም እንዲሁ። ሁለት ጥርስ ትንሽ ነው የሚል ሰው ይህን ስሌት በእጁ ቢሠራው እወዳለሁ።

ፍጥነቱን በኪሎ ሜትር ማወቅ ለሚፈልግ፦ ብሩሽ የሌለው ሞተር ላይ የተጻፈው የኬቪ ቁጥር በአንድ ቮልት በደቂቃ ስንት ዙር እንደሚዞር ይናገራል። 3300 ኬቪ ሞተር በ7.4 ቮልት 24,420 ዙር ይዞራል። የመጨረሻው ሬሾ 10፣ የጎማው ዲያሜትር (ክቡ በመሃሉ ከዳር እስከ ዳር ሲለካ) 85 ሚሊ ሜትር ከሆነ በሰዓት 39 ኪሎ ሜትር ገደማ ይደርሳል። ይህ የወረቀት ቁጥር ነው፤ አየሩ፣ የጎማው ሰበቃና የባትሪው መድከም ስለሚቀንሱት መሬት ላይ ከዚያ ያነሰ ይገኛል።

ለደሴ ስንት ጥርስ ይሻላል? ኮምቦልቻ ላይስ?

ብዙ ጊዜ የምጠየቀው ይህን ነው። መልሱም ከመኪናው ይልቅ በሚነዱበት መሬት ላይ የተመሠረተ ነው። በሌላ አገር ሰው የተጻፈ የጊር ሰንጠረዥ በአብዛኛው የሚያወራው ስለ ለጥ ያለ አስፋልትና ስለ ምንጣፍ መወዳደሪያ ነው። የእኛ አገር ግን ቶሳ ተራራ ሥር የተንጠለጠለች ከተማ፣ የሐረጎ ጠመዝማዛ፣ ከዚያም የኮምቦልቻ ሜዳ ነው። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው መንገድ አጭር ቢሆንም ከወደ 2500 ሜትር ከፍታ ወደ 1850 ሜትር ገደማ ያወርዳል።

ደሴ ላይ ሁለት ነገሮች ሞተሩን ይፈትኑታል። አንደኛው ዳገቱ ነው። ሁለተኛው የአየሩ መሳሳት ነው። በኤሌክትሪክ የሚሠራ ሞተር አየር ስለማይተነፍስ ጉልበቱ አይቀንስም፤ ሰዎች እዚህ ላይ ይሳሳታሉ። የሚቀንሰው ማቀዝቀዣው ነው። በደሴ ከፍታ የአየር ግፊቱ ከባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ስለሆነ፣ ማራገቢያው በአንድ ዙር የሚገፋው አየር ክብደት አነስተኛ ነው፤ ይዞት የሚሄደው ሙቀትም እንዲሁ። የደሴ ብርድ የተወሰነውን ይክሳል፤ ሁሉንም ግን አይክስም።

ስለዚህ የእውነተኛ መኪና አንድ አሥረኛ የሚያክል መኪና ይዤ በደሴ ሰፈሮች ኮረኮንችና ዳገት ላይ ስነዳ ከፋብሪካው ፒኞን ሁለት ጥርስ ቀንሼ ነው። ኮምቦልቻ ወርጄ ለጥ ባለ አስፋልት ላይ ስነዳ የፋብሪካውን እመልሳለሁ፤ ወበቅ በሌለበት ማለዳ ከሆነ አንድ እጨምራለሁ። በቀትር ግን አልጨምርም። ታች ላይ አየሩ በአሥር ዲግሪ ከሞቀ የሞተሩም ሙቀት በዚያው ልክ ከፍ ብሎ ነው የሚነሳው።

ቦሩ ሜዳ ሰውን ያታልላል። ሜዳ ስለሆነ ትልቅ ፒኞን የሚያስገቡ ብዙ ናቸው። ሣር ግን ለሪሞት መኪና ዳገት ነው፤ በተለይ ክረምት ወጥቶ ሣሩ የጎማውን ግማሽ ሲሸፍን። ለሣር የምጠቀመው የደሴውን ትንሹን ፒኞን ነው።

ሞተሩ በጣም ሞቋል የሚባለው መቼ ነው?

የሞተሩ ውጫዊ አካል ከ80 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሲደርስ ማቆም ያስፈልጋል፤ እኔ 70 ላይ አቆማለሁ። ከ80 በላይ ማግኔቱ ኃይሉን ማጣት ሊጀምር ይችላል፤ አንዴ የተዳከመ ማግኔት ደግሞ ሲቀዘቅዝ አይመለስም። መኪናው ሳይቆም ቀስ እያለ ጉልበቱን ያጣል፤ ባለቤቱም ባትሪው አርጅቷል ብሎ ሌላ ባትሪ ይገዛል።

ጥሩው መለኪያ በጨረር የሚለካ የዕቃ ቴርሞሜትር ነው። በኮሮና ጊዜ በየበሩ ግንባራችን ላይ ይደገን የነበረው ለዚህ አይሆንም፤ ለሰው ሰውነት የተሠራ ስለሆነ ከአርባዎቹ መጀመሪያ በላይ አያነብም።

መለኪያ ከሌለ በጣት ይሞክሩ። ገና ቡና የተቀዳበትን ሲኒ በሁለት ጣት ከንፈሩን ይዘን ጣት እንደምንቀያይረው ያለ ሙቀት ከሆነ ወሰኑ ላይ ነዎት። ሦስት ሰከንድ እንኳ ማስቀመጥ ካልቻሉ ፒኞኑን ይቀንሱ። አንዳንዶች የውሃ ጠብታ ጥለው ሲንጫጫ ነው ሞቀ የሚሉት። ደሴ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ጠብታው ከተንጫጫ እንግዲህ ጊዜው አልፏል።

የመጀመሪያውን ልኬት ሦስት ወይም አራት ደቂቃ ከነዱ በኋላ ይውሰዱ፤ ባትሪው እስኪያልቅ አይጠብቁ። ከቆሙም በኋላ ሁለት ደቂቃ ቆይተው ይድገሙት፤ ማራገቢያው ሲቆም የውስጡ ሙቀት ወደ ውጭ ስለሚወጣ ቁጥሩ ከፍ ይላል።

የገዛሁት ፒኞን ከትልቁ ጊር ጋር አልገጥም አለ። ምንድን ነው ችግሩ?

የጥርሱ መጠን ነው። የጥርስ ቁጥር ብቻ ማወቅ አይበቃም፤ አንዱ ጥርስ ምን ያህል ወፍራም እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። መጠኑ በሁለት ቋንቋ ይጻፋል፤ በሞጁል ወይም በፒች። በሞጁል ቁጥሩ ሲያድግ ጥርሱ ይወፍራል፤ በፒች ግን ቁጥሩ ሲያድግ ጥርሱ ይቀጥናል። 25.4ን ለፒቹ ሲያካፍሉ ሞጁሉ ይገኛል።

32 ፒች 0.79 ስለሚሆን ከሞጁል 0.8 ጋር ያለ ችግር ይሠራል። 48 ፒች ግን 0.53 ነው፤ ሞጁል 0.5ም 0.6ም አይደለም። በእጅ ሲያዞሩት የሚገጥም ይመስላል፤ ሲነዱት ግን በአንድ ባትሪ ውስጥ ፕላስቲኩን ዱቄት ያደርገዋል።

ምንም ያልተጻፈበት ጊር በእጅዎ ካለ በካሊፐር ከጥርስ ጫፍ እስከ ጥርስ ጫፍ ወርዱን ይለኩ፤ ጥርሱን ቆጥረው ሁለት ይጨምሩ፤ ወርዱን ለድምሩ ያካፍሉ። 20 ጥርስ ያለው ፒኞን 17.6 ሚሊ ሜትር ከሆነ 17.6 ለ22፣ ሞጁል 0.8 ነው። 13.2 ከሆነ 0.6 ነው። ጥርስ ሲቆጥሩ የመጀመሪያውን በእስክሪብቶ ነጥብ ምልክት ያድርጉበት፤ ሳልቆጥር ያለፍኩት አንድ ጥርስ የተሳሳተ ዕቃ አስገዝቶኛል።

ከዱባይ ወይም ከጂዳ ለሚመጣ ዘመድ ምን ብዬ ልላክ?

እዚህ ወሎ ዕቃው በአብዛኛው የሚደርሰን በዘመድ ሻንጣ ነው፤ ስለዚህ መልእክቱ ጥርት ያለ መሆን አለበት። «የሪሞት መኪና ጊር አምጪልኝ» ተብላ የታዘዘች እህት የምታመጣው የሱቁን ሻጭ ግምት ነው። አራት ነገር ይጻፉላት፦ የጥርስ ቁጥር፣ ሞጁል ወይም ፒች፣ የሞተሩ ዘንግ ውፍረት፣ የመኪናው ስምና ሞዴል። አሮጌውን ጊር ከማስመሪያ ጎን አድርገው ፎቶ አንስተው ይጨምሩበት።

ዘንጉ በተለመደው 540 በሚባለው መጠን ሞተር ላይ 3.17 ሚሊ ሜትር ነው፤ አንድ ስምንተኛ በሚያክሉት ትልልቅ መኪኖች ላይ 5 ሚሊ ሜትር። የ5 ሚሊ ሜትር ፒኞን በስሕተት መጥቶልኝ ኮምቦልቻ በሚገኝ የቶርኖ ባለሙያ የነሐስ ቀለበት አሠርቼ ወደ 3.17 አጥብቤዋለሁ። ሠርቷል፤ ግን የመጀመሪያው ቀለበት ቀዳዳው ከመሃል በፀጉር ያህል ስለሳተ ፒኞኑ ይወላገድ ነበር፤ ሁለተኛው ነው የተሳካው። ለመጠባበቂያ እንጂ እንደ መፍትሔ አልመክረውም።

አንድ ትልቅ ጊር ሲያዝዙ ሦስት ይዘዙ፤ ቀጣዩ ዘመድ መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም። ከጊሩ ጋር ትርፍ የሊቲየም ባትሪ ከታዘዘ ደግሞ በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ እንዳይገባ ይንገሯት።

በሁለቱ ጊሮች መካከል ምን ያህል ክፍተት ልተው?

እዚህ ላይ ጊዜ ይውሰዱ። የጥርስ ቁጥር ላይ የሚሳሳት ሰው ሞተር ያሞቃል፤ ክፍተቱ ላይ የሚሳሳት ግን አዲስ ጊር በአሥር ደቂቃ ይጨርሳል።

ከደብተር ወረቀት የጊሩን ያህል ስፋት ያለው፣ ጣት የሚያህል ቁራጭ ይቅደዱ። የሞተሩን ሁለት ብሎኖች ሞተሩ እንዲንሸራተት ያህል ብቻ ያላሉ። ወረቀቱን በሁለቱ ጊሮች መካከል አስገብተው ትልቁን ጊር በጣት እያዞሩ ያስውጡት። ወረቀቱ ግማሽ ላይ ሲደርስ ሞተሩን ወደ ትልቁ ጊር በአውራ ጣት ይግፉት፤ አይጨቁኑት፤ መግፋት ብቻ። አንዱን ብሎን ያጥብቁ፣ ከዚያ ሌላውን። ጊሩን አዙረው ወረቀቱን ያውጡት።

አሁን ወረቀቱን ብርሃን ላይ ይዩት። እንደ ሽንሽን ቀሚስ እኩል እኩል ከታጠፈና ካልተቀደደ ደህና ነው። በእጥፋቱ ላይ ቀዳዳ ካለ ጠብቋል፤ ድጋሚ። እጥፋቱ በጭንቅ የሚታይ ከሆነ ላልቷል።

በመጨረሻ ፒኞኑን በአንድ ጣት ያዝ አድርገው ትልቁን ጊር ወዲያና ወዲህ ያነቃንቁት። ለጆሮ እምብዛም የማይሰማ፣ ለጣት ግን የሚታወቅ ትንሽ «ቀጭ» የሚል እንቅስቃሴ መኖር አለበት። ትልቁን ጊር ሩብ ዙር እያዞሩ በአራት ቦታ ይሞክሩት፤ የፕላስቲክ ጊር ሁሉ ፍጹም ክብ አይደለምና በአንዱ በኩል ልክ የሆነው በሌላው በኩል ሊጠብቅ ይችላል። ልኩ የሚወሰደው በጣም በሚጠብቅበት ቦታ ነው። ፕላስቲክ ሲሞቅ ስለሚያብጥ ትንሽ ላላ ማለት ትንሽ ከመጥበቅ ይሻላል።

ለወፍራም ጥርስ፣ ለምሳሌ ለሞጁል 1፣ የደብተሩን ወረቀት ሁለት አጥፈው ይጠቀሙ። በአንዳንድ መኪኖች ሞተሩ የሚታሰረው በቋሚ ቀዳዳ ስለሆነ ይህ ሁሉ አያስፈልግም፤ ለእያንዳንዱ ፒኞን የተመደበውን ቀዳዳ መመሪያው ይነግርዎታል።

አንድ ማሳሰቢያ፦ የሞተር ብሎን ከጠፋብዎት ከመጀመሪያው የረዘመ አይተኩበት። ወደ ውስጥ ገብቶ የሽቦውን ጥቅል የነካ ብሎን ሞተሩን በአንድ ጊዜ ይገድለዋል።

ፒኞኑ እየተፈታ ይወጣብኛል። ምን ላድርግ?

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው ለዚህች ትንሽ ብሎን የተባለ ይመስለኛል። የሞተሩን ዘንግ ያስተውሉ፤ በአንዱ ጎኑ ተሞርዶ ለጥ ያለ ነው። የፒኞኑ ብሎን ማረፍ ያለበት በዚያ ለጥ ባለው ላይ ነው፤ በክቡ ጎን ላይ ካረፈ የፈለጉትን ያህል ቢያጠብቁት ይሾልካል።

ዘንጉንና የብሎኑን ጥርስ በአልኮል ይጥረጉ፣ ያድርቁ፣ ከዚያ ሰማያዊውን የብሎን ማጣበቂያ አንድ ጠብታ ያድርጉበት። ቀዩን አይጠቀሙ፤ ያለ እሳት አይፈታም። ማጣበቂያው ፕላስቲክ እንዳይነካ ይጠንቀቁ፤ አንዳንዱን ፕላስቲክ ይሰነጥቃል።

ቁልፉም ልክ ይሁን። የ3 ሚሊ ሜትር ብሎን ባለ ስድስት ማዕዘን 1.5 ሚሊ ሜትር ቁልፍ ይፈልጋል፤ የ4 ሚሊ ሜትሩ 2 ሚሊ ሜትር። በአሜሪካ ልክ የተሠሩ የአንዳንድ ፒኞኖች ብሎኖች ግን 1.59 ሚሊ ሜትር ቁልፍ ይፈልጋሉ፤ በ1.5 ሲፈቷቸው ማዕዘኑ ይላጫል፤ ከዚያ በኋላ ማውጣት መከራ ነው።

ብረት ጊር ይሻላል ወይስ ፕላስቲክ?

ፒኞኑ ብረት፣ ትልቁ ጊር ፕላስቲክ። አሉሚኒየም ፒኞን በእኛ አቧራ ቶሎ ይበላል። ትልቁንም ብረት ማድረግ ጥንካሬ ይመስላል፤ ግን አንድ ቦታ መሰበር ካለበት ርካሹ ቦታ ይሰበር። ትልቁ ጊር ብረት ሲሆን ጎማው ድንጋይ ላይ ሲያርፍ የሚመጣው ምት ወደ ዲፈረንሻሉ ይሄዳል፤ እሱን ለመቀየር መኪናውን ግማሽ ማፍረስ ነው።

ሲመርጡ ደግሞ ሁለቱ የጥርስ ቁጥሮች ከአንድ በቀር የጋራ አካፋይ የሌላቸው ቢሆኑ ይመረጣል። 80 ላይ 20 ካሠሩ አንዱ የፒኞን ጥርስ ሁልጊዜ የሚመታው እነዚያኑ አራት ጥርሶች ነው። 80 ላይ 21 ካሠሩ ግን ሁሉንም ተራ በተራ ያዳርሳል፤ መበላቱም እኩል ይሆናል።

ግራሶ ልቀባው?

በተዘጋው ዲፈረንሻል ውስጥ፣ አዎ። በፒኞኑና በትልቁ ጊር ላይ፣ አይሆንም። ግራሶ አቧራ ይሰበስባል፤ አቧራና ግራሶ ሲቀላቀሉ ሞረድ ናቸው። በደረቅ የጥርስ ብሩሽ ማጽዳት ይበቃል።

ከሁለት ሴል ባትሪ ወደ ሦስት ሴል ባሳድግስ?

በመጀመሪያ የፍጥነት መቆጣጠሪያውና ሞተሩ ሦስት ሴል እንደሚችሉ መመሪያው ላይ ያረጋግጡ። ከቻሉ ቮልቱ በአንድ ተኩል እጥፍ ስለሚያድግ የጎማውን ፍጥነት ባለበት ለማቆየት ፒኞኑ በአንድ ሦስተኛ መቀነስ አለበት፤ 21 የነበረው 14 ይሆናል። ትልቅ ጎማ ሲያስገቡም እንዲሁ ይቀንሱ፤ ጎማ ማሳደግ ፒኞን ማሳደግ ነው።

መኪናዬ በነዳጅ የሚሠራ ነው። ለእኔስ?

የእርስዎ ሞተር አየር ስለሚተነፍስ ደሴ ላይ ጉልበቱ በእርግጥ ይቀንሳል። መጀመሪያ የነዳጁንና የአየሩን ቅልቅል ለከፍታው ያስተካክሉ፤ ጊር የሚነካው ከዚያ በኋላ ነው፤ አቅጣጫውም ወደ መቀነስ ነው።

ድምፁ ተቀይሯል። ምን እየነገረኝ ነው?

ቀጭን የማያቋርጥ ጩኸት ከሆነ ክፍተቱ ጠብቋል። የሚንገጫገጭ ከሆነ ላልቷል፤ ወይም የሞተሩ ብሎን እየተፈታ ነው። በእኩል ልዩነት «ጠቅ፣ ጠቅ» የሚል ከሆነ ደግሞ ወዲያው ያቁሙና ትልቁን ጊር በእጅ እያዞሩ ይመልከቱ። በጥርሶቹ መካከል የተቀረቀረች አሸዋ የምታክል ጠጠር ትሆናለች፤ በመርፌ ትወጣለች። ጠጠር ከሌለ ጥርስ ተሰብሯል።

የተሰበረው አንድ ጥርስ ብቻ ነው። እስከ ማታ ልንዳው?

አይንዱት። የጎደለው ጥርስ ጋ ሲደርስ ፒኞኑ በባዶ ዘሎ የሚቀጥለውን ጥርስ ይመታዋል፤ ያ ጥርስ ለመግፋት እንጂ ለመመታት አልተሠራም። ከአንዱ በኋላ ሦስት፣ ከሦስቱ በኋላ ሩብ ዙር ይሄዳል። የተሰበረው ጥርስ ቁራጭም ውስጥ ከቀረ ፒኞኑን ያበላሻል፤ ስለዚህ አዲሱን ጊር ከመግጠምዎ በፊት ቁራጩን ፈልገው ያግኙት፣ ፒኞኑንም በጥፍርዎ ጫፍ ጥርስ በጥርስ ይዳስሱት። ጥፍርዎን የሚይዝ ሻካራ ካገኙ እሱም አብሮ ይቀየራል።